በቁሓ ዳገት የተንጠባጠቡ ሸኚዎች

ሰሞኑን ምስጋና ይዞኛል። ጉንፋን ሰውን እንደሚይዘው ማለቴ ነው። ትናንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ደጄ ድረስ ስላደረሰኝ ብቻ እጁን ጨብጬ፣ እናቱን መርቄ፣ ባጃጁን መርቄ፣ ጎማዎቹን በየተራ መመረቅ ስጀምር ‹ምን ነካው ሰውዬው?› በሚል ዐይን እያየኝ እጁን ነጥቆኝ ሄደ። ሚስቴ ለተብርሃንም፣ “ኧረ በቃህ! ሰው ጤንነትህን ይጠራጠራል” ብላኛለች። ምን ላድርግ ታዲያ? የደረሰብኝን ብትሰሙ እናንተም መራቂ ትሆኑ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመኪናዬ ነው።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ ነዳጅ አጥታ ግቢያችን ውስጥ ስትቆም የጎረቤት ዶሮዎች ገብተው እንቁላል የጣሉባት፣ ሰላም ሲመጣ ደግሞ ብዙም ሳታስለምን የተነሳችልኝ ባለውለታዬ ናት። ናፍጣ ናት፤ ቱርቦ አላት። ቱርቦ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ አየር እየጠቀጠቀ ለሞተሩ የሚያጎርስ ነገር ነው። አየር ሲጠቀጠቅ ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው መንፊያው እንዴት እንደሚፋጅ ያውቃል። ስለዚህ መካከል ላይ ኢንተርኩለር የሚባል፣ ራዲያተር የሚመስል ነገር ይቀመጥና ትኩሱን አየር አብርዶ ለሞተሩ ያቀብላል። የእኔዋ መኪና ታዲያ ይሄው ኢንተርኩለሯ ተሰነጠቀ።

መካኒኬ በርሀ ይባላል፤ ጎረቤቴም ነው። ፈልጎ ፈልጎ ዕቃውን መቐለ ውስጥ አጣው። ከአዲስ አበባ ይምጣ ተባለ፤ እስኪመጣ ግን መኪናዋ ትቁም ወይ?

“መምህር” አለኝ በርሀ፣ “ለጊዜው ኢንተርኩለሩን እንዝለለው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ በቀጥታ በቱቦ እቀጥልልሃለሁ።”

“ይሆናል?”

“ለምን አይሆንም? የመቐለ ንፋስ እያለ ኢንተርኩለር ምን ይሠራል?”

እኔ መተሐራ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለእኔ መቐለ መኖር ማለት ማቀዝቀዣ ውስጥ በደመወዝ መኖር ማለት ነው። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል እያልኩ ተማሪ ፊት ቆሜ እውላለሁ። “እንዲያውም ዳገት ስትወጣ ይበልጥ ትቀዘቅዛለች!” አልኩት። በርሀ የከተማው ንፋስ ሲወደስለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ደግሞ የማስተምረው ነገር ለአንድ ነገር ሲጠቅም ደስ ይለኛል። ሁለት የተደሰቱ ሰዎች አንድ ሞተር ላይ ከተስማሙ ማን ይከለክላቸዋል? ቱቦው ተቀጠለ። በርሀ ኮፈኑን ሲዘጋ፣ “ብቻ ብዙ አትጫንባት፤ ዳገትም አታብዛባት” አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሜዳ ላይ ምንም አልሆነችም። ከሰፈራችን ከዓይደር ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዓይደር ስመላለስ ትንሽ ጭስ ከማብዛቷ በቀር እንደ ወትሮዋ ናት። ጭራሽ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ “ኢንተርኩለር ለሞቃት አገር የተሠራ ቅንጦት ነው” እያልኩ ለባልደረቦቼ ማብራራት ጀመርኩ። አንዱ የምሕንድስና መምህር ሊከራከረኝ አፉን ሲከፍት፣ ሂሳብ ከፈልኩለትና ዝም አሰኘሁት።

አሁን አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ኣደይ ምሕረት እንላቸዋለን፤ ኣደይ እናቴ እንደማለት ነው። ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት ዐይናቸው ደመና ለብሶ ብቻቸውን መኖር ሲያቅታቸው ነው። እኔ ልጃቸውን ሳገባ እሳቸው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ ነገር አያዩም ነበር። ሰው የሚለዩት በድምፅና በኮቴ ነው። ሳምራዊትን፣ ልጃችንን፣ ያሳደጓት በጣታቸው እየዳበሱ ነው፤ የመጀመሪያ ጥርሷ መብቀሉን ከሁላችን ቀድመው የነገሩን እሳቸው ናቸው። አንዳንዴ ምሳ ላይ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን በጣታቸው ሲከተሉ ሳይ፣ ይህን ፊት አንድ ቀን ሳያዩ ሊቀሩ ነው ወይ እያልኩ ጉርሻዬን መልሼ አስቀምጣለሁ።

ዓይደር ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች ደህና አድርገው መረመሯቸው፤ እንዲህ ያለውን ዐይን የሚያክም ሐኪም ከውጭ አገር ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ እንደሚመጣ ነግረውም ቀጠሮ አስያዙልን። እኛ የቆረጥነው አውሮፕላን የከሰዓት ነው፤ ሐኪሙ በነጋታው ጠዋት ያያቸዋል፤ ከዚያ ወደ አገሩ ነው። ሌላ ጊዜ ይመጣል ወይ ብለን ስንጠይቅ፣ “እንግዲህ እግዜር ያውቃል” ተባልን። እግዜር የሚያውቀውን ነገር እኔ ስለማላውቀው ፈራሁ። ለተብርሃን መምህርት ናት፤ የፈተና ሳምንት ሆኖባት አብራቸው መሄድ አልቻለችም። አዲስ አበባ ያለችው የእህታቸው ልጅ ልትቀበላቸው ተስማማች። የእኔ ድርሻ ኣደይን ቁሓ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ ብቻ ነው።

ኣደይን ብቻ ማድረስ አልኩ? እኔ ነኛ ሞኙ። እዚህ ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም። ምሳ በልተን ስንወጣ የኣደይ ወንድም ኣቦይ ሃይሉ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። “እህቴን ሳልሸኝ?” አሉ። በርሀ ቱታውን አውልቆ ኮት ለብሶ መጣ። ከኋላው ደግሞ የኣደይ የማኅበር ጓደኛ ወይዘሮ ለምለም ሌሎቹን የማኅበሩን ሴቶች አስከትለው ደረሱ። የመጣው ሁሉ ባዶ እጁን አልመጣም። ማር መጣ፣ በሶ መጣ፣ ድርቆሽ መጣ። ወይዘሮ ለምለም ለአዲስ አበባዋ ልጅ የተላከ አንድ ትልቅ ካርቶን በለስ ለሁለት አሸክመው አመጡ።

“ወይዘሮ ለምለም፣ ይሄ ሁሉ በለስ?” አልኳቸው።

“አዲስ አበባ በለስ አለ እንዴ? ያለው ያገር ቤቱ አይደለም፤ እሱማ ውሃ ነው!”

ኣደይ ሳምራዊትን ስመው፣ ፊቷን እንደ ልማዳቸው ከግንባር እስከ አገጭ ዳብሰው፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ለተብርሃን፣ ኣቦይ ሃይሉና በርሀ ከኋላችን፤ የማኅበሩ ሴቶች ከነካርቶኑ የጭነት ቦታው ላይ። የበርሀ ምክር? ምክሩ ራሱ በርሀ ውስጥ ነበር፤ በርሀ ደግሞ ኮቱን ለብሶ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። እሱም ረስቶታል።

የቁሓ ዳገት እስኪጀምር ሴቶቹ ከኋላ እልል ይላሉ። ዳገቱ ሲጀምር እልልታው ቀጠለ፤ መኪናዋ ግን ቀነሰች። ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ማርሽ ቀነስኩ፤ እንደገና ቀነስኩ፤ ሌላ የሚቀነስ ማርሽ አጣሁ። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ተግተልትሎ ወጣ፤ ቀስ በቀስም እልልታው ወደ ሳል ተለወጠ። ሚኒባስ አለፈን። ሲኖትራክ አለፈን። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ደርሶ፣ ተሳፋሪዎቹ ለኣደይ በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው አለፉን። ይሄኛው ግን አንገበገበኝ።

“መምህር!” አለ በርሀ ከኋላ፣ “መርፌዋን እያት፣ ቀይ ልትገባ ነው። ማሞቂያውን ክፈት!”

“ሞተሩ ግሎ ማሞቂያ?”

“የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይስበዋል። እኛ እንሙቅ፣ እሷ ትብረድ!”

ከፈትኩት። ኧረ ጉድ! በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጋቢ፣ በዚያ ኮት ላይ የዳቦ መጋገሪያ የመሰለ ሙቀት ተለቀቀብን። ኣቦይ ሃይሉ ጋቢያቸውን መፍታት ጀመሩ። ኣደይ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ነፋሹ መልሰው፣ “ዋይ! አውሮፕላኑ ውስጥ ገባን እንዴ?” አሉ።

“ገና ነን ኣደይ፤ መኪና ውስጥ ነን” አልኳቸው ላቤን እየጠረግሁ።

“እንግዲያስ አውሮፕላኑ ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ።”

ብዙም ሳንሄድ መርፌዋ ቀይ ውስጥ ገብታ ተደላደለች። ዳር ይዤ ቆምኩ። በርሀ ኮፈኑን ሲከፍተው የቀጠላት ቱቦ እጅ አታስቀርብም። ይህች ቱቦ ናት እንግዲህ ‹የመቐለ ንፋስ ይበቃታል› የተባለላት። በርሀ እሷን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እኔም ሰማዩን አየሁ። ወይዘሮ ለምለም ጊዜ አላጠፉም፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በጀሪካን ውሃ አርሰው ቱቦው ላይ ጠመጠሙት። ቱሽሽሽ! እንፋሎቱ ሁላችንንም ጋረደን።

“ነጠላዎት!” አልኳቸው።

“ይታጠባል” አሉ።

ለተብርሃን ሰዓቷን እያየች አንዱን ሚኒባስ እጅ አውጥታ አስቆመች። ረዳቱ “አንድ ሰው!” አለ። ለተብርሃን እናቷን ልታወርድ በሩን ስትከፍት ኣደይ ወንበሩን ጨብጠው፣ “አይሆንም!” አሉ። “እኔ ሸኚ እያለኝ እንደ ዕቃ ብቻዬን አልጫንም። ወደይ ያደርሰኛል።” ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ልጃቸው እኔ መሆኔ ነው። ደስታው ልቤን ሞላው። ሚኒባሱ ሄደ።

“ጭነት ካልቀነስን አትወጣም” አለ በርሀ። ሁላችንም ካርቶኑን አየን። ወይዘሮ ለምለም ቀድመው ተረዱ።

“በለሱን? በፍጹም! እኔ ልውረድ፣ በለሱ ይሂድ!”

ማሩም፣ በሶውም፣ ድርቆሹም እንዲሁ ጠበቃ አላቸው። የተላከ ነገር መንገድ ላይ አይጣልም፤ ሰው ግን ይወርዳል። የማኅበሩ ሴቶች ወረዱ። ‹ወረዱ› ስል በአፌ ቀለለኝ እንጂ መውረዱ ስንብት አለው። እያንዳንዷ ኣደይን በመስኮት ጉንጫቸውን አገላብጣ ትስማለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመርቃለች፣ ረስታ ደግሞ ትመለሳለች። ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ መሪውን ጨብጬ ፈገግ ለማለት እየሞከርኩ ነው።

ተንቀሳቀስን። አንድ ኩርባ አለፍን፣ ደግሞ ጋለች። አሁን ተራው የኣቦይ ሃይሉ ሆነ። ሽማግሌው ሳይመርቁ መውረድ አልሆነላቸውም፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። “መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ!” አሉ። አሜን አልን። “የሐኪሙን እጅ ይባርክልሽ!” አሜን። “የአውሮፕላኗን ክንፍ ያጽናላት! በሹፌሯ ላይ እንቅልፍ አያምጣበት! ጎማዋንም፣ ጎ…” እዚህ ላይ ለተብርሃን “አሜን! አሜን! አሜን! ሂድ!” ብላ ጮኸችብኝ። ነዳጅ ሰጠሁ። በመስታወት ሳያቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቀጥለዋል።

ከዚያ ወዲያ የሚቀነሰው ማን እንደሆነ ለመናገር የደፈረ የለም። ለተብርሃን ራሷ በሩን ከፈተችው። እናቷን አቅፋ ሳመች። ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ፣ “እናቴን ሳታደርስ ብትመለስ ቤቱን አታገኘውም” አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። አስራ… አይ፣ የዓመቱን ቁጥር ልተወው፤ አብረን የኖርነውን ሁሉ በዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰማሁት። ሚስቴን ዳገት ላይ ጥዬ ሄድኩ።

በርሀ የወረደው የመጨረሻው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ነው። ሞተሯ ልትጠፋ ስትንተፋተፍ ዘሎ ወረደና በትከሻው ገፋት። “ስጣት! ስጣት!” ይላል። ሰጠኋት። ያለችውን ጭስ ሁሉ ኮቱ ላይ አራግፋበት ተነሳች። “ኣጆኻ መምህር!” ሲል፣ አይዞህ ማለቱ ነው፣ ድምፁን ሰማሁ እንጂ መልኩን ከጭሱ መለየት አልቻልኩም።

እኔና ኣደይ ቀረን። ማሞቂያው ፊት ለፊታችን ይነፍሳል።

“ወደይ” አሉኝ።

“አቤት ኣደይ።”

“ፈርተሃል።”

“ኧረ እኔ? በፍጹም።”

“ትንፋሽህ ይሰማኛል። ኣጆኻ። እኔም ፈርቻለሁ።”

“አውሮፕላኑን?”

“አውሮፕላን ምን ያደርገኛል? ሐኪሙ አይቶ፣ ‘በቃ፣ አይሆንም’ ቢለኝስ? እስከ ዛሬ አንድ ቀን ይሆናል እያልኩ ኖሬያለሁ። ነገ አይሆንም ከተባልኩ ምን እያልኩ እኖራለሁ?”

ደንግጬ ሳይሆን አይቀርም፣ የመጣልኝን ተናገርኩ። “እኔ እንጃ ኣደይ። ሆነም አልሆነም ግን መጥቼ የምወስድዎት እኔ ነኝ።”

“በዚችው መኪና?”

“በዚችው መኪና።”

ትንሽ አሰቡና፣ “በዚችስ ከሆነ ባላይ ይሻለኛል!” አሉ። ሳቅ ያዛቸው። እኔንም ያዘኝ። ላባችን እየተንጠፈጠፈ፣ የተቃጠለ ነጠላ እየሸተተን፣ እንደ እብድ እየሳቅን ዳገቱን ጨረስነው። እመኑኝ፣ ሜዳው ላይ ስትወጣ መኪናዋም ረጅም ትንፋሽ የወሰደች መሰለኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ የተሳፋሪ ምዝገባው ሊዘጋ ነው። ልብሴ ላዬ ላይ ተጣብቆ፣ በአንድ እጄ ኣደይን ይዤ፣ በሌላው በለሱና ሌላው ዕቃ የተጫነበትን ጋሪ እየገፋሁ ገባሁ። ተሽከርካሪ ወንበር መጣላቸው። ዕቃ የምትመዝነው ልጅ ግን የዕቃውን ብዛት ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

“ይሄ ሁሉ አይገባም እናቴ። በሶውን ብቻ ይውሰዱ።”

“ስንት ሰው አውርደን ያመጣነውን?” አሉ ኣደይ።

ልጅቷ አልገባትም፤ እኔም ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ኣደይ እጄን ጨብጠው፣ ጨብጠው፣ በወንበሩ እየተገፉ ሄዱ። እኔ ሰው አውርጄ ካዳንኩት ማር፣ ድርቆሽና በለስ ጋር በር ላይ ቀረሁ።

ቁልቁለት ላይ መኪናዬን ብታዩአት! ማንም አላለፈንም። በርሀን ከነጥቁር ፊቱ አነሳሁት። ለተብርሃን ገና ሳልቆም “ደረሰች?” አለች፤ “ደረሱ” ስላት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኣቦይ ሃይሉ ምርቃታቸውን ጨርሰው መንገድ ዳር ካለ ቤት ገብተው ወንበር ላይ ተሰይመው አገኘናቸው። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ነበሩ። ወይዘሮ ለምለም ካርቶናቸው ተመልሶ ሲያዩት አልተቆጡም፤ ቢላዋ ተበድረው መላጥ ጀመሩ። እዚያው ዳር ላይ በለስ እየበላን ሳለ አውሮፕላኑ ከላያችን አለፈ። ሁላችንም ተነስተን በለስ በያዝንበት እጃችን አውለበለብን። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ወይዘሮ ለምለም “እኔ ባልወርድ አትወጣም ነበር” አሉ፤ ኣቦይ ሃይሉ “ምርቃቱ ነው ያወጣት” አሉ፤ በርሀ ትከሻውን አሳየን። ሁሉም ልክ ነበሩ። ‹አንተ ነህ በዚህ ቱቦ ይሄን ያመጣህብን› ብሎ የወቀሰኝ ግን አንድም አልነበረም። እንዲህ ያሉ ሰዎች መካከል አምጥቶ የጣለኝን አምላክ ምን ብዬ እንደማመሰግነው አላውቅም።

ኢንተርኩለሩ መጣ፤ በርሀም ገጠመው። ስለ ንፋስ ሁለታችንም አናወራም። ኣደይ የሚመለሱ ቀን እኔ፣ ለተብርሃንና ሳምራዊት ልንቀበላቸው ቁሓ ወጣን። ለተብርሃን በስልክ ብትጠይቃቸውም፣ “ስመጣ ታዩኛላችሁ” ከማለት ሌላ ምንም አልነገሯት ነበርና ልባችን ተሰቅሏል። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ያለ ወንበር፣ የሰው ክንድ ይዘው፣ የገዛ ጫማቸውን እያዩ ወጡ።

ሳምራዊት እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ኣደይ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸውን አልዘረጉም፤ እንዲሁ አዩዋት። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ በየተራ፣ ሳይነኩ። እንባቸው ሲወርድ ለተብርሃን “ሐኪሙ አታልቅሺ አላለሽም?” እያለች እሷው ታለቅሳለች።

እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ኣደይ ተነሥተው ዙሪያቸውን ቃኙ። “ወደይስ? ያ ሹፌሬ?”

“አለሁ ኣደይ” አልኩ፤ ጠጋ አልኩ።

ድምፄን ሰምተው ዞሩ። ፊቴን አዩ። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ታች ወረደ፣ ወገቤ ላይ ሲደርስም ቆመ። እዚያው ቆየ።

“አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“ዋይ ወደይ! በድምፅህ እኮ ቀጭን መስለኸኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ከምታወርድ፣ አንተ ብቻህን ብትወርድ ይበቃ ነበር!”

ስለ ቦርጬ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኝ ያውቃል። ተመስገን ብዬ ያለቀስኩት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።